ተገልብጦ የታተመው እጅ

በዚያች ከተማ አርማ ላይ ያለው እጅ የአባቴ እጅ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ተሰርቆ ስለነበር ነው። የሰረቀው ሰውዬ ዛሬም አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ሱቁን ከፍቶ ይውላል። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደህና ነሽ?" ይለኛል። ደህና ነኝ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ የወጣ ሰው የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። ገበያዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሁለቱም ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ፤ በግራ ዓባያ፣ ደፍርሶ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ፣ ሰማያዊ ሆኖ። መሀላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው ሸንተረር አለ። አባቴ እዚያ ተወለደ፣ ሽመናም እዚያ ለመደ፣ ከዚያ እንጀራ ፍለጋ ወደ ታች፣ አርባ ምንጭ ወረደ። እኔ የታች ልጅ ነኝ። ግን መስቀል በመጣ ቁጥር እንወጣ ስለነበር ያን ገበያ ከሰፈሬ እኩል አውቀዋለሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም። ቤት መቀመጥ አልችልም፤ ግማሽ ቀን ከተቀመጥኩ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ስለዚህ ማህተም ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሥዕል ያስተማረኝ ሰው ነው። ማስተማሩን ትቶ ማህተም፣ ባነርና መታወቂያ የሚሠራ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እዚያም "ቲቸር" ነበር የምለው። አሁንም ሌላ መጠሪያ አይመጣልኝም፤ ቢመጣልኝም ለመጻፍ አይሆንም።

ማህተም ሁልጊዜ በግልባጭ ነው የሚሠራው። ፊደሉን መስታወት ውስጥ እንደሚታየው አዙረሽ ታዘጋጂዋለሽ፣ ወረቀት ላይ ሲመታ ይቃናል። በሁለት ወር ውስጥ የተገለበጠውን ጽሑፍ ከቀናው ይልቅ ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ። ቲቸር እንደ እኔ አይችልም ነበር። እሱ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቀለም ይመርጣል፣ የማህተሙን ጎማ መቅረጽ የእኔ ነበር።

ያን ጊዜ ሥራ ሞልቶን ነበር። ዞኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ክልሉ ተቀይሮ፣ ማህተሙን ያላስቀየረ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ድሮ የማህተም መሀል ኮከብ ወይም ባዶ ነበር። አሁን ግን ሁሉም አርማ አማረው። የሚያዝዙት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። የስንዴ ዘለላ፣ የተገለጠ መጽሐፍ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ ዙሪያውን የፋብሪካ ማሽን ጥርሰ ጎማ።

"ፋብሪካ አላችሁ እንዴ?" እላለሁ።

"ወደፊት ይኖረናላ።"

"ስንዴስ?"

"ስንዴ እንኳ የለም። ግን አርማ ያለ ስንዴ ደስ አይልም።"

እንሰትና ሙዝ የሚበላ ሰው ስንዴ ቀርጬለት ሄዷል። ቲቸር "አትከራከሪ፣ የጠየቁሽን ሥሪ" ይለኝ ነበር።

የአባቴ ከተማም አርማ እንደምትፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ማንም ሰው ሥዕልና ማብራሪያ ማስገባት ይችላል፤ የተመረጠው ለነዋሪው አስተያየት ቀርቦ ይጸድቃል። ከዚያ በፊት የነበራቸው አንድ ሰዓሊ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የሳለላቸው የሜዳ አህያ ነው። ሰዓሊው ከሌላ አገር መጥቶ፣ ታች ሐይቁ ዳር ስላለው ነጭ ሳር ፓርክ ሰምቶ፣ ተራራ ላይ ላለች ከተማ የሜዳ አህያ ስሎ ሄደ። የሜዳ አህያ እዚያ ብርድ ላይ ቢወጣ ሦስት ቀን አያድርም። ሰዉ ግን ለምዶት "አህያው በር ላይ እንገናኝ" እያለ ይቀጣጠርበት ነበር።

"ከአህያው በፊትስ ምልክታችሁ ምን ነበር?" ብዬ አባዬን ጠየቅሁት።

"ምንም። ገበያው ይታወቃል። ምን ምልክት ያስፈልገዋል?"

"እሺ፣ አሁን አንድ ነገር ሳሉ ብትባሉ?"

የያዘውን የሽመና መወርወሪያ አስቀመጠ። "ሣር" አለ።

ለማያውቅ ልንገር። ጋሞ ውስጥ ሰው ተጣልቶ ነገር ሲከር፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ነጭተው፣ በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። ይንበረከካሉ። ሣር ተይዞ የተለመነ ሰው የያዘውን ዱላ ይጥላል። አልጥልም ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር እንደሚኖር እንጃለት። አባቴ ወጣት ሳለ ከአጎቱ ጋር ሄዶ ሰው እንዲህ ሲታረቅ አይቷል፣ ኋላም ራሱ ይዞ ተንበርክኳል።

ስለዚህ ሁለቱን ሐይቆች፣ መሀላቸው ሸንተረሩን፣ ከሸንተረሩ ላይ ሣር የያዘ እጅ ሳልኩ። ዙሪያውን ጥርሰ ጎማ አላደረግሁም፤ አባዬ የሚሠራውን፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የድንጉዛ ጥለት አዞርኩበት። ለእጁ አባዬን ራሱን አስቀመጥኩት። ሽመናውን አስትቼ ለሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥር ሥር የነጨሁትን ሰርዶ አስይዤው ተቀመጠ።

"ደከመኝ" አለ በሁለተኛው ቀን።

"እንግዲያው በግራህ ያዘው፣ እኔ አዙሬ እስለዋለሁ።"

"አብደሻል? ሣር በግራ ይያዛል?"

በቀኙ እንደያዘ ጨረስኩት። አውራ ጣቱ ማግ ሲያጠብቅ የኖረ ጣት ስለሆነ ሰፋ ያለ ነው፤ እሱንም እንዳለ ሳልኩት። "ይሄ የኔ ነው" አለ ሲያየው፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። "ስምሽን ይጽፉበታል?"

"ይጽፉበታል።"

የማስገቢያው ጊዜ ገና ነበር። ማህተም ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ሱቅ ወስጄ ትሬሲንግ በሚባለው ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ እንደ መስታወት ገልብጬ አነሳሁት። የከተማዋን ስም ገና አልጻፍኩበትም፤ በአማርኛ ፊደል ይሁን በላቲን ገና አልተወሰነም ነበር። ዋናውን ሥዕል አባዬ ለወንድሙ ማሳየት ስለፈለገ ቤት መለስኩት። ትሬሲንጉ ሱቅ፣ ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። በማግስቱ ወባ ጣለኝ፣ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ።

ስመለስ ትሬሲንጉ የለም። ቲቸርን ስጠይቀው "ጠርጎት የሄደ ሰው ይኖራል" አለ። ሱቁን የምጠርገው እኔ ነኝ። ከሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ባነር ስፈልግ አገኘሁት። ቀለም ተቀብቶ፣ የከተማዋ ስም ከላይ ተጽፎበት፣ ከሥሩ የቲቸር ስም፣ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር። ለአርማው ውድድር ገብቶ አልቋል።

"ቲቸር፣ ይሄ የኔ ነው።"

ዞር ብሎም አላየኝ። "የሱቅ ወረቀት፣ የሱቅ እርሳስ፣ የሱቅ ሰዓት። ደግሞስ እጅሽን ማን አሠለጠነው? ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ መስመር መሳብ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም?"

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው ሥዕሉን በደንብ ያየሁት። ትልቁ ሐይቅ ዓባያ እንደሆነ አውቆ ቀላ አድርጎታል። ግን ያለው በቀኝ ነው። ጫሞ ወደ ግራ ሄዷል። እጁን አየሁ። አውራ ጣቱ ዞሯል። ትሬሲንጉን እንዳለ ነበር ያነሳው፣ ለማህተም በገለበጥኩት መልኩ። ጽሑፍ ስላልነበረበት መገልበጡን የሚነግረው ነገር አላገኘም፤ ያን ገበያ ጫፍ ላይ ቆሞም አያውቅም። ሣር የያዘው እጅ ግራ እጅ ሆኗል።

አፌን ዘጋሁ።

"እሺ ቲቸር" አልኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ እሺ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

እኛ ዘንድ ግራ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሰው በግራው ውሃ ቢያቀብልህ ትቀበለዋለህ፣ ግን ታስታውሰዋለህ። በግራ እጅ እርቅ የሚለምን ሽማግሌ ግን አልተፈጠረም። ያንን ነው እንግዲህ ቲቸር በስሙ የላከው። ሽማግሌ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ እንደሚያቀርበው አውቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ብቻ ነበረኝ፤ ዝም ማለት።

አምስት ወር ዝም አልኩ። የቲቸር ሥዕል ከሌሎቹ በለጠ ተባለ፤ ደስ አለኝ። ነዋሪው አይቶ አስተያየት እንዲሰጥ ትልቅ ባነር ሆኖ እዚያው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይሰቀል ተባለ። ባነሩን ያተምኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ቀስ እያለ ያንን ግራ እጅ ከጣት ጫፍ ጀምሮ ሲያወጣው ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቲቸር "ቀለሙ ወጣ?" ሲለኝ "በጣም ያምራል" አልኩት። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነኝ። ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሲሰብክ አሜን እያልኩ አዳራሹን አስባለሁ፤ ቲቸር የትኛውን ሸሚዝ እንደሚለብስ፣ ሲያፍር እጁን የት እንደሚያደርግ። ክርስቲያን እንዲህ አያስብም ትሉኝ ይሆናል። አስቤያለሁ።

"ሥዕሉ ምን ደረሰ?" ይለኛል አባዬ።

"ገብቷል።"

ውሸት አልነበረም።

አርማው አዳራሽ የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ቲቸር "ላፕቶፑን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ነይ" አለኝ። ዋናውን ሥዕል በፕላስቲክ ክላሰር አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አባዬም ለወንድሙ ጉዳይ ወጥቶ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አገኘሁት፣ የልጁን ሥራ ለማየት ነጭ ጋቢውን ለብሶ። እዚያ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን አልተመለስኩም።

ቲቸር መናገር ያውቅበታል። ስለ ሐይቆቹ፣ ስለ ድንጉዛው፣ ስለ ሣሩ ሲያብራራ እኔም ለመሆኑ ማን ሳለው እስክል ድረስ አሳመረው። ሲጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ከፊት ወንበር የድንጉዛ ሱሪ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ሳያጨበጭቡ ቀሩ። የራሳቸውን ቀኝ እጅ ጨበጡ፣ አዩት። ባነሩን አዩ። ግራቸውን ጨበጡ፣ አዩት።

"ይሄ እጅ ግራ ነው" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁን መጨበጥ ጀመረ። ሁለት መቶ ሰው ቁጭ ብሎ የራሱን ጡጫ ሲያይ አስቡት። ከመሀል አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተነሳች። "ሐይቁም ዞሯል። ዓባያ እኔ ከምቀመጥበት በግራ በኩል ነው። ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ቦታ ቀይሮ አያውቅም።"

ሳቁ። ቲቸር ግን አልተደናገጠም። ለዚህ ነው የምጠላው። "ጥሩ አስተያየት ነው" አለ። "እጁ ግራ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ግራ እጅ ለልብ ቅርብ ነው። እርቅ ከልብ ነው ለማለት ነው።"

ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አንዱማ "ዋው" አለ። አምስት ወር የጠበቅሁት ነገር ሲያመልጠኝ ታየኝ።

ሽማግሌው ተነሱ። ቀስ ብለው መድረኩ ድረስ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ።

"እንግዲያው በሱ ሰላም በለኝ" አሉት። "በልቡ እጅ።"

የቲቸር ግራ እጅ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ኪሱ ገባ። ቀኙም ከሌላው ኪሱ አልወጣም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፣ ቲቸር ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ፣ ቅቤ ነጋዴዋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። የትኛውን ሸሚዝ እንደሚለብስ ብቻ ነበር ያልገመትኩት።

ከዚያ ቲቸር ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"እውነቱን ልናገር" አለ። "የሳለችው ይቺ ልጅ ናት። ሱቄ ውስጥ ሠራተኛ ናት። እኔ አምኛት ሳላጣራ አቀረብኩት። የኔ ጥፋት ይሄ ነው።"

የሳለችው ይቺ ልጅ ናት። ይህን ከአፉ ለመስማት ምን ያህል ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሲለው ግን ቆሻሻ ጨርቅ እንደሚወረውር ሰው ወረወረብኝ፤ አዳራሹ ሁሉ ግራ እጅ የሳለችውን ለማየት ዞረ።

ክላሰሩን አወጣሁ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ሥዕሉን ከባነሩ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቀኝ እጅ። ዓባያ በግራ፣ ጫሞ በቀኝ። ከላይ ቀኑ፣ ከሥር ስሜ። "እኔ የሳልኩት ይሄ ነው" አልኩ። "ቲቸር የወሰደው ለማህተም የገለበጥኩትን ነው። ስለማያውቀው ሲሰርቅ እንኳ ግልባጩን ሰረቀ።"

ቲቸር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ታሪክ እየሳቅሁ ነበር የምናገረው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። የሁላችንም አያት እንዲያ ስለሚያወራ ማንም አልሳቀም።

"አንተ ነህ የሳልከው?"

"አዎ አባባ።"

"የማን እጅ ነው?"

"የአባቴ። ያው ከኋላ አለ።"

ሰዉ ዞሮ አባዬን አየ። አባዬ እኔን አላየም። ባነሩን ነበር የሚያየው።

"ያ የተገለበጠውን መቼ አየህ?"

ዛሬ ብል ይበቃ ነበር። ማንም አይመረምረኝም። ግን የሚዋሽ ምላስ የለኝም፤ ካለኝም ያን ቀን አልታዘዘኝም። "የዛሬ አምስት ወር" አልኩ።

"ለምን ዝም አልክ?"

"እዚህ ቆሞ እንዲያፍር ስለፈለግሁ።"

ከኋላ አንዳንድ ወጣቶች ሳቁ፣ ከዚያ ተዉት።

"እኛስ?" አሉ ሽማግሌው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "በር ላይ ተሰቅሎ ከርሟል፣ ልብ ሳንለው። ባለፈው ሰው የሞተበት ቤተሰብ ለእርቅ ሲመጣ በዚያ ሥር ነው ያለፈው። እሱ አንድ ወረቀት ሰረቀ። አንተ የምታውቀውን ደብቀህ በኛ በር ላይ አሰቀልክ።"

እውነታቸውን ነበር። አሁንም ግን ቲቸር ኪሱ ውስጥ የከተተውን እጁን ሳስብ ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ቀናው ሥዕል ያኔውኑ ጸደቀ። ወደ ታች ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አባዬ ጎኔ ተቀመጠ። መጠምዘዣዎቹን ሁሉ ጨርሰን ሙዝ እርሻው ታየ።

"ሳስበው" አለ፣ "ሰውየውን በኔ እጅ ነው የመታሽው።"

"የሰረቀውም ያንተን እጅ ነው አባዬ።"

"እሱን አልወለድኩትም" አለ።

ሱቁን በማግስቱ ለቀቅሁ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የራሴን ማህተም ቤት ከፈትኩ። ሥራ ለማግኘት አርማውን የሳልኩት እኔ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር፤ ለዚያ ወደ ላይ ወጣሁ። ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ያገኘኋት ልጅ ትሁት ናት፣ በእኔ ዕድሜ። ፋይሉን ሁሉ ገለጠችልኝ። የአርማው ማብራሪያ ላይ ስለ ሐይቆቹ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ድንጉዛው አንድ በአንድ ተጽፏል። የሰው ስም የለበትም።

"አርማ የሕዝብ ነው ብለው ስም እንዳይጻፍበት ተስማምተዋል" አለች። "የቲቸሩም ወጥቷል።"

"የኔ የትም የለም?"

ቃለ ጉባኤውን ገለጠች። ጣቷን እያስኬደች ወርዳ ቆመች፣ ከዚያ ልታነብልኝ ከበዳት። ራሴ አነበብኩት። ስሜ ከነአባቴ ስም አለ። አርማውን የሳለችው እሷ መሆኗ በቀረበው ሥዕል ተረጋግጧል ይላል። ቀጥሎ፣ ስህተቱን እያወቀች ለአምስት ወር ደብቃ በመቆየቷ ከተማዋን ማዋረዷ በጉባኤው ተወቅሷል ይላል።

"ይሄን ገጽ ኮፒ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ወቀሳ እኮ ነው።"

"ስሜ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ማህተምም ምቺበት።"

መታችበት። አዲሱ ማህተም ነው፤ ቀኝ እጁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ግማሹ "ደብቃ" የሚለው ቃል ላይ አረፈ።

እስኪመሽ ሳልጠብቅ፣ አባዬ ሸማውን እየሠራ ሳለ ወስጄ አሳየሁት። አንብቢልኝ አለ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ወረቀቱን ላጥፈው ስል "ማህተሙ እታች ነው ያለው፣ እስከዚያ አንብቢ" አለኝ። አነበብኩለት። የራሱን ስም ከወቀሳው ጋር ሲሰማ መወርወሪያው ቆመ።

"እኔን ለምን ጻፉኝ?" አለ።

"የአባት ስም ይጻፋል አባዬ።"

ሥራውን ቀጠለ።

ወረቀቱን ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ በሚያነብበት ቁመት ላይ ሰቅዬዋለሁ። አንዳንዱ አንብቦ ይስቃል፣ አንዳንዱ ቲቸር ማን እንደሆነ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሱቁ የት እንደሆነ እነግረዋለሁ። አባዬ አልፎ አልፎ ምሳ ይዞልኝ ይመጣል። ለወረቀቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። አውርጂው ብሎኝ አያውቅም። እኔም አላወርደውም።